በስልክ ሽቦ ላይ የተጫረቱበት ቬሎ

ይህን ስነግራችሁ አትሳቁብኝ አልልም፤ እኔም ስቄበት አላባራሁም። በዚያ ሳምንት ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ነቀምት ስልክ ቤት ኦፕሬተር። የዛሬ ልጆች ኦፕሬተር ምን እንደሆነ አታውቁም። ያኔ ሰው ስልክ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው የፈለገውን ሰው ሳይሆን እኔን ነው። ፊት ለፊቴ በቀዳዳ የተሞላ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ጊምቢን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የገመዱን አንድ ጫፍ በሱ ቀዳዳ፣ ሌላውን በጊምቢ ቀዳዳ ሰክቼ አገናኛለሁ። ነጋዴው፣ ሹሙ፣ ልጁ የታመመበት፣ ሚስቱ የኮበለለችበት፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። አባቴ አባይን ተሻግሮ ከጎጃም የመጣ ግንበኛ ነው፣ እናቴ የነቀምት ልጅ ናት። ስለዚህ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል እለፈልፋለሁ። ሥራው ለኔ የተሰፋ ነበር።

የተሰፋ ካልኩ አይቀር ወደ ቬሎው ልግባ። እጮኛ ነበረኝ። ደረጀ ይባላል፣ አስተማሪ ነው። ለትምህርት ቡልጋሪያ ሲላክ «ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺኝ፣ ክረምት ላይ መጥቼ እንጋባለን» አለኝ። ታገስኩ። መታገስ ብቻ አይደለም፣ ከደመወዜ እየቆጠብኩ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ቬሎ አሰፋሁ። ቬሎው በመጣ በሁለተኛው ወር ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰውዬው እዚያው አግብቷል። «ሁልጊዜም እንደ እህቴ ነው የማይሽ» ይላል። እህት ለወንድሟ ብላ ቬሎ ስታሰፋ የት አገር ታይቷል?

ወሬው በሁለት ቀን ከጨለለቂ ሰፈር እስከ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ከተማውን አዳረሰ። አለቀስኩ፣ አበቃሁ፣ ከዚያ ቬሎውን ልሽጥ አልኩ። ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚነግደው ጋሽ ሽኩር፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት ያረጀ፣ ማንኛውንም ነገር ለማንኛውም ሰው የሚሸጥ ሰው፣ አንድ ሳምንት ሱቁ ውስጥ ሰቀለልኝ። በሳምንቱ አጣጥፎ መለሰልኝ።

«ልጄ፣ ጨርቁስ ወርቅ ነው» አለ። «እናቶቹ ይዳብሱታል፣ ያደንቁታል። ከዚያ 'የማን ነው?' ይላሉ። ስነግራቸው እጃቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።»

«ታዲያ ለምን ይነግሯቸዋል?»

«ካልነገርኳቸውማ እነሱ ይነግሩኛል!»

ሙሽራው የከዳት ሴት ባሰፋችው ቬሎ ልጇን የምትድር እናት ነቀምት ውስጥ አልተገኘችም። ቬሎው ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ሳጥኑ አልጋዬ ሥር ገባ። እኔም በላዩ ላይ እየተኛሁ ሦስት ወር አለፈ።

ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መስመር እንፈትሻለን። እኔ ጊምቢን፣ ሻምቡንና አርጆን በአንድ ጊዜ እሰካለሁ። ፍተሻው አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ወሬው ሃያ። ጊምቢ ላይ ያለችው ደሚቱ ናት፣ ምላሷ እሳት። ሻምቡ ላይ ጋሽ ጣሰው አለ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ቃል ከአፉ ሲወጣ ወረፋ ይዞ የሚወጣ የሚመስል ሰው። አርጆ ላይ ብርቄ አለች፣ ከሁላችን በኋላ የተቀጠረች፣ ቁም ነገረኛ፣ «ደህና ነኝ» ለማለት እንኳ ሪፖርት የምታነብ። ሦስት ዓመት በየቀኑ አውርተን አንዳችን የሌላውን መልክ አይተን አናውቅም።

አንድ ጠዋት ደሚቱ «ያ ነገር አሁንም አልጋሽ ሥር ነው?» አለችኝ።

«የት ይሄዳል ብለሽ ነው።»

«ነቀምት ካልገዛልሽ አገር ማለት ነቀምት ብቻ ነው እንዴ? በመስመሩ ላይ እንሽጠው!»

«ማን ሳያይ ይገዛል?»

«አፍ አለሽ አይደል? በአፍሽ አሳያቸው።»

ጋሽ ጣሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐራጅ ይሁን» አለ። «እዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በሬ ሲያጫርት አይቻለሁ። ዋጋ ይጠራል፤ አንዱ ይጨምራል፤ ሌላው ይጨምራል። የሚጨምር ሲጠፋ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ይባልና ጠረጴዛ ይመታል።»

ብርቄ «ደንብ ይፈቅዳል?» አለች።

«ደንቡ በሬ በስልክ አይሸጥም አይልም» አለች ደሚቱ።

ሳቅሁ። ከሦስት ወር በኋላ ከልቤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኳቸው። አለቃዬ ኦቦ ፈይሳ ከቀጭን የጣውላ ግድግዳ ማዶ ነው የሚቀመጡት፣ ደንበኞችም ከበሩ ውጭ ይሰለፋሉ። ቬሎ የምትል ቃል ከአፌ ከወጣች ከተማው እንደገና በወሬ ይታመሳል። «'ዕቃው' ነው የምትሉት» አልኳቸው። «ስሜንም አታንሱ።» ተስማማን። እያንዳንዳቸው በየከተማቸው ሠርግ ያለበትን ቤት ሹክ እንዲሉ፣ በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ፍተሻው ላይ እንድንጫረት ቀጠሮ ያዝን።

ማክሰኞ ደረሰ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሦስቱንም ሰካሁና በለሆሳስ «ዕቃው ከሃምሳ ብር ይጀምራል» አልኩ።

«አርጆ ሃምሳ ሰጥታለች» አለች ብርቄ። «ደንበኛዬ አጠገቤ ቆመዋል።»

«ጊምቢ ስልሳ!» አለች ደሚቱ። «የኔዋ የሙሽራዋ እናት ናት፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች።»

«ሻምቡ… ሰባ» አለ ጋሽ ጣሰው። «የሙሽራው ወንድም ነው። ገንዘብ አለው።»

«አርጆ ሰማንያ።»

«ጊምቢ መቶ!»

ከዚያ ብርቄ «ደንበኛዬ 'ለአንድ ቀን ጨርቅ ከሰማንያ በላይ የሚከፍል እብድ ነው' ብለው ወጥተዋል» አለች። «አርጆ ከውድድሩ ተሰናብታለች።»

አላዘንኩም። ጊምቢና ሻምቡ ተያይዘዋላ! መቶ ሃያ፣ መቶ ሃምሳ፣ መቶ ሰባ። የምሰማውን ማመን አቃተኝ። ነቀምት እጁን የጠረገበትን ቬሎ ሁለት ከተማ ይሻማበታል። ጉንጬ ጋለ፣ ድምፄም ሳላውቀው ከፍ አለ።

«ደንበኛዬ ይጠይቃል» አለ ጋሽ ጣሰው። «ዕቃው ተተኩሶ ያውቃል ወይ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተተኮሰው። ከዚያ ወዲህ እጅ አልነካውም።»

«ትከሻ ላይስ እንዴት ነው?»

«ትከሻ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ አይታወቅም።»

«የኔዋ ደግሞ የት ነው ያለው ትላለች» አለች ደሚቱ።

«አልጋ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ። ላሸነፈው በአውቶቡስ ጭነት ላይ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ይላካል።»

ከነዚህ ጥያቄዎች በፊት፣ ገና መቶ ሰባ ላይ ሳለን፣ ሰሌዳው ላይ አንድ የጥሪ ምልክት ወድቆ ነበር፣ ሰው ስልክ አንስቷል ማለት ነው። የአስተዳደሩ ቢሮ ነው። ዓይኔ ምልክቱን አየ፣ ልቤ ግን ዋጋው ላይ ነበር። በግራ እጄ አንዱን ገመድ ሳብኩና ሰክቼ ነበር፣ የት እንደሰካሁት ሳላይ። ከጥያቄዎቹ በኋላ ጫረታው ቀጠለ፤ ደሚቱ ሁለት መቶ አሥር፣ ጋሽ ጣሰው ሁለት መቶ ሃያ፣ ደሚቱ ሁለት መቶ ሠላሳ።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ምንድን ነው?» አለ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ።

የጋሽ ጣሰው መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

«እኔ ነኝ የምጠይቀው፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ምኑ ነው? ምንድን ነው አንድ ጊዜ የተተኮሰው?»

ያን ድምፅ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ጓድ ተክሉ፣ ካድሬው። በየስብሰባው ስለ ፀረ አብዮተኞች ሲናገር ድምፅ ማጉያ የማያስፈልገው ሰው። ገመዱን ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ ሐራጁ መሃል ሰክቼዋለሁ። ጊምቢ ጭጭ፣ ሻምቡ ጭጭ፣ አርጆ ጭጭ። እኔም ነቀልኩ፣ ሁሉንም ገመድ እንደ ጎመን ነቀልኩት። ያ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ጓድ ተክሉ ጠመንጃ ካነገቱ ሁለት ጠባቂዎች ጋር ገባ። ኦቦ ፈይሳ ከክፍላቸው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጓድ ተክሉ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ሰምቶ ብቻ አልቀረም፣ ጽፎታል።

«'አንድ ጊዜ ብቻ ተተኩሷል'» ሲል አነበበ። «'ትከሻ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ አይታወቅም። አልጋ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ። በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይላካል።' ጓዲት አስካለ፣ ይህ ስንት ጠመንጃ ነው?»

በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ በሳቅሁ።

«ጠመንጃ አይደለም፣ ጓድ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

ኦቦ ፈይሳ ቆመዋል። በሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል። ከነሱ መሃል ጋሽ ሽኩር አለ፣ ሱቁን ጥሎ መጥቷል። «ልብስ ነው» አልኩ። ያችን ቃል አሁንም መዋጥ ፈለግሁ።

«ልብስ ይተኮሳል?»

«በካውያ፣ ጓድ።»

አላመነኝም። ሁለቱ ጠባቂዎች ከኦቦ ፈይሳ ጋር ቤቴ ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ እናቴን አሰብኩ፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው አልጋ ሥር ሲገባ ስታይ ምን ትል ይሆን? ሲመለሱ ሳጥኑን ለሁለት ተሸክመው ነው። ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ጓድ ተክሉ ሁላችንንም «ወደ ኋላ!» አለን። አንዱ ጠባቂ በጠመንጃው አፈሙዝ ክዳኑን ገልብጦ ውስጡን ቀስ ብሎ ጎረጎረ። አፈሙዙን ሲያነሳው የሙሽራ ዓይነ ርግቡ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ፣ ነጭ፣ እንደ ባንዲራ።

ከበሩ ላይ አንድ ሰው «ውይ! የአስካለ ቬሎ!» አለ። በቃ፣ ሳምንት ሙሉ የተጠነቀቅሁላት ቃል ተነገረች።

ጓድ ተክሉ ቬሎውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወረቀቱን አየ። «ለአንድ ቀሚስ ሦስት አውራጃ ይነቃነቃል?» አለ። «ይህ ሽፋን ነው። ገዢዎች ካሉ ጥሪያቸው። ቀጥዪ፣ እኔ እሰማለሁ።» ትርፍ ማዳመጫ ነበረን፤ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ጆሮው ላይ አደረገው።

ሰካሁ። «ሄሎ… ሐራጁ ይቀጥላል» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ጓድ ተክሉ እያዳመጡ ነው። ጊምቢ ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ ነበረች።»

«ሻምቡ…» አለ ጋሽ ጣሰው፣ ከወትሮው አዝግሞ። «ሻምቡ ሁለት መቶ… አርባ።»

ደሚቱም በሰለለ ድምፅ «ጊምቢ ሁለት መቶ አርባ አምስት» አለች።

እንዲህ በአምስት በአምስት ሲንፏቀቁ ጓድ ተክሉ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቅንድቡን አነሳ፣ ቀጥሎ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ሁለት መቶ ሰባ ላይ ጋሽ ጣሰው ዝም ሲል «ምነው ቆመ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ጭራው ስንት ክንድ ነው? ንገሪው እንጂ!»

«ጭራው አራት ክንድ ነው» አልኩ በስልኩ።

«ሐሩም ከውጭ የመጣ ነው በይው።»

«ከውጭ አልመጣም፣ ጓድ።»

«እንግዲያው አገር በቀል ነው በይው!»

«ሻምቡ ሁለት መቶ ሰማንያ» አለ ጋሽ ጣሰው። ጓድ ተክሉ ጭኑን መታ። ከዚያ በኋላ ትዕግሥቱ አለቀ፤ መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰደና «ጊምቢ! እንዲህ በቀላሉ ትረታላችሁ? ከፍ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ጊምቢ ከፍ አለች። ሻምቡም ከፍ አለች። ሦስት መቶ አሥር ላይ፣ በጊምቢ በኩል፣ ነገሩ ቆመ። «አንድ ጊዜ!» አለ ጓድ ተክሉ ራሱ። «ሁለት ጊዜ! ሦስት ጊዜ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው ኦቦ ፈይሳ ደነገጡ፣ በሩ ላይ ያለው ሕዝብም አጨበጨበ።

ጭብጨባው አነቃው። ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ። ማዳመጫውን ሲያስቀምጥ እንደገና ካድሬ ሆነ። «ገዢዋ ዓርብ ጠዋት ገንዘቧን ይዛ ቢሮዬ ትቅረብ፤ ፊቴ ትፈራረማላችሁ። ካልቀረበች ነገሩ ሌላ ነው ማለት ነው፤ ፋይሉ ወደሚመለከተው ይተላለፋል» አለ። ሳጥኑን አስይዞ ወጣ።

እኔ ግን፣ ታምኑኛላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስት መቶ አሥር ብር! ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጣል። ዓርብ ገዢዋ ትመጣለች፣ እንፈራረማለን፣ አለቀ። እስከ ረቡዕ ጠዋት እንዲህ አሰብኩ።

ረቡዕ በፍተሻው ሰዓት ደሚቱ ስታለቅስ አገኘኋት። ደሚቱ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አስኩ፣ ይቅር በይኝ። የሙሽራ እናት የለችም።»

«እንዴት የለችም?»

«ከነአካቴው አልነበረችም። ለሰው ሁሉ ነገርኩ፣ ማንም አልመጣም። አንቺ ደግሞ 'ማን ይፈልገዋል' እያልሽ ሦስት ወር ጠወለግሽ። እስኪ ሰው ሲሻማበት ትስማ ብዬ ነው። መቶ ላይ ላቆም ነበር፣ ያ የሻምቡ ሰውዬ አላስቆመኝም!»

መስመሩ ላይ የጉሮሮ መጥረግ ተሰማ። «ደሚቱ» አለ ጋሽ ጣሰው። «የሻምቡ ሰውዬ… እኔው ነኝ። እኔም ለዚያው ብዬ ነው። ጊምቢ እውነተኛ መስላኝ ዋጋውን ለአስካለ ከፍ ላድርግላት ብዬ።»

ነገሩ ሲገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለት የሌሉ ሰዎች አንድ ቬሎ ላይ ሦስት መቶ አሥር ብር ድረስ ተጫርተዋል፤ ካድሬው ደግሞ አንደኛዋን «አትረቺ» እያለ አጀግኗል። ዓርብ የምትቀርበው ሴት በምድር ላይ የለችም።

ያን ጊዜ ብርቄ፣ ያቺ ሪፖርት አንባቢ፣ ጮኸች። «የኔ ደንበኛ እውነተኛ ነበሩ! በሰማንያ ብር አጠገቤ ቆመው ነበር! እናንተ ናችሁ ያባረራችኋቸው!»

በዚያው ጠዋት ሴትየዋን አስጠራናቸው። አዴ ጋዲሴ ይባላሉ፣ «አዴ» በኦሮምኛ እንደ እማማ ነው፤ ልጃቸውን ጫልቱን ሊድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። ብርቄ ስልኩን ሰጠቻቸው። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ አካም ጂርቱ ተባባልን፣ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ተጠያየቅን።

«ያ ዕቃ ሦስት መቶ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «ከኔ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ያሉት ሰዎች ቀሩ፣ አዴ።»

«ለምን ቀሩ?»

ብዙ ውሸት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ኦፕሬተር ውሸት አያጣም። ግን ደከመኝ። «ከመጀመሪያውም አልነበሩም» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አዴ ጋዲሴ ስልኩ እስኪርገበገብ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቁ።

«ባለቤቷ ለምንድን ነው የምትሸጠው?»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ። ሙሽራው ቀረ።»

ጋሽ ሽኩር የነገረኝ እናቶች ታዩኝ፣ እጃቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ሰውዬው ከቀረ ቀሚሱ ምን አጠፋ? አንድ ቀን እንኳ አልለበስሽውም?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

«እንኳን አልለበስሽው፣ አዲስ ነው ማለት ነው። ወገብሽ ምን ያህል ነው? ቁመትሽስ? የኔዋም እንደዚያው ናት። ሰማንያ።»

ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ አፌ ግን «መቶ ሃምሳ» አለ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሰማንያ አምስት አሉ፣ መቶ አርባ አልኩ። ጭራውን አወራሁላቸው፣ የክንዱን ዳንቴል አወራሁላቸው፣ ከግራ ብብት ሥር አንድ ስፌት ጠማማ መሆኑንም ነገርኳቸው። ጠማማውን ስነግራቸው ነው የጨመሩት። መቶ ሃያ ላይ ስንደርስ ብርቄ መሃል ገብታ በቁም ነገር «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ» አለች። ተሸጠ።

ዓርብ ጠዋት አዴ ጋዲሴ ልጃቸውን ይዘው ከአርጆ መጡ። ጓድ ተክሉ ቢሮ በር ላይ ደግሞ አንዲት አጭር፣ ጠይም፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያቀፈች ሴት ቆማለች። «አስኩ?» አለችኝ። መልኳን ባላውቅም ድምፁን አውቀዋለሁ። ደሚቱ ናት። ጥፋቱን በራሷ ላይ ልትወስድ ከጊምቢ ድረስ መጥታለች። ሦስት ዓመት ረጅምና ቀይ አድርጌ ነበር የማስባት።

ጓድ ተክሉ ሳጥኑን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ፋይሉን ከፍቶ ይጠብቃል። አዴ ጋዲሴ ግን ለወረቀት ትዕግሥት አልነበራቸውም። ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱት፣ ቬሎውን አፈሱት፣ «ልክ ካልሆነ አልፈርምም» ብለው ልጃቸውን ይዘው ከጎን ወዳለው የጸሐፊዎቹ ክፍል ገቡ።

«ሦስት መቶ አሥር ብር» አለ ጓድ ተክሉ ብዕሩን አንስቶ።

«መቶ ሃያ ነው፣ ጓድ።»

«ሦስት መቶ አሥር ብዬ እኔ ራሴ ነኝ የመታሁት!»

ነገርኩት። ደሚቱም ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። «እና ማክሰኞ… ከማን ጋር ነው የተጫረትነው?» አለ።

«ከማንም ጋር አይደለም፣ ጓድ።»

«እኔ 'ከፍ በሉ' ስል… ድምፄ እስከ የት ተሰምቷል?»

«ጥርት ብሎ ነው የተሰማው» አለች ደሚቱ፣ ያ ምላሷ ተመልሶላት። «ጊምቢ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሳይቀር ሰምቶታል፤ እኛም በርትተናል። ሪፖርቱ ላይ ይግባ ካሉ ሁላችንም እንመሰክራለን።»

ጓድ ተክሉ ፋይሉን አየ። ምን ብሎ ሊጽፍ እንደሚችል ሲያስብ ይታየኝ ነበር። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት የጎን በሩ ተከፈተና ጫልቱ ገባች። ቬሎውን ለብሳዋለች። አራት ክንዱ ጭራ የቢሮውን ወለል ጠርጎ ተከትሏታል፣ ዓይነ ርግቡ ትከሻዋ ላይ ፈሷል። ቬሎውን ሰው ለብሶት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ይቆጨኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልቆጨኝም፤ እንዴት ያምራል አልኩ በልቤ፣ የኔ ምርጫ እኮ ነው።

አዴ ጋዲሴ እልልታቸውን አቀለጡት። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያልፍበት ቢሮ ውስጥ! ጸሐፊዎቹ ተከተሏቸው፣ ደሚቱ ተከተለች፣ ጠባቂዎቹ ከበር ላይ ሮጠው መጡ። ጓድ ተክሉ ሳያውቀው ከወንበሩ ተነስቷል። እልልታው ሲያበቃ ተቀምጦ አንድ መስመር ጻፈ፣ ማህተም መታበት፣ ፋይሉን ዘጋ። ተገልብጦ አነበብኩት፤ «ዕቃው ልብስ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል።

ኦቦ ፈይሳ በደንቡ መሠረት የአምስት ቀን ደመወዝ ቀጡኝ። አላጉረመረምኩም። በሦስተኛው ሳምንት አርጆ ሠርግ ተጠራን። አራታችን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በሽቦ ስናወራ ማንም የማያስቆመን ሰዎች ፊት ለፊት ስንገናኝ አፋችን ተሳሰረ፣ ጫማችንን እናያለን። ቆየት ብሎ ጋሽ ጣሰው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ሄሎ ነቀምት፣ ይሰማል?» ሲል ነው ሁላችንም የፈነዳነው። እስከ ማታ ድረስ አላቆምንም።

ከዚያ ወር ጀምሮ ሰው ዕቃውን ይዞ ይመጣብኝ ጀመር። አንዷ አስተማሪ ሬዲዮ አመጣች፣ አንዱ ጡረተኛ የግድግዳ ሰዓት፣ «አጫርቺልኝ» እያሉ። በስልኩ ላይ ደግሜ አልሞከርኩትም፣ እብድ አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ በጋሽ ሽኩር ሱቅ ደጃፍ ቆሜ በሁለት ቋንቋ እጠራ ነበር። በዓመቱ ሰሌዳውን ለሌላ ልጅ አስረከብኩ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ሥራ ነው።

እናንተም የምትሸጡት ነገር ካላችሁ ስሙኝ። ጉድለቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሰው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው ጠማማውን ስፌት ከነገራችሁት በኋላ ነው፤ ምክንያቱን አላውቅም፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሲሆን ግን አይቻለሁ። ሳጥን ውስጥ ደብቃችሁ የምትተኙበት ነገር ካለም አውጡት። የፈራሁት የከተማው ወሬ ዓይነ ርግቡ ከሳጥን በወጣ ቀን ተነገረ፣ በሳምንቱ ሰው ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር።

አሁን የእህቴ ልጅ ዕቃ ፎቶ አንስታ በስልኳ ትለጥፋለች፣ የማታውቃቸው ሰዎች ከየከተማው ዋጋ እየጻፉ ይጫረታሉ። «እኛ የጀመርነው ነው» ትለኛለች። አልከራከራትም። ባለፈው አንዱን ጫማ ሁለት ሰዎች እየተፎካከሩ ዋጋውን ሰማይ ሲያደርሱላት ጨፈረች። እኔ መነጽሬን አደረግሁና የሁለቱንም ስም ደጋግሜ አነበብኩ። «እነዚህ ሰዎች» አልኳት፣ «መኖራቸውን አጣርተሻል?»